መድኃኒቱ አለ፣ ቁጥሩስ? የቫይራል ሎድ ነገር

ባለፈው ሳምንት የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ አንዲት ደንበኛችን ላቦራቶሪው መስኮት ላይ መጥታ ወረቀቷን ዘረጋችና "ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ፣ ውስጥ ሲነግሩኝ ግራ ገባኝ" አለችኝ። አየሁት፣ ቲኤንዲ ይላል። ሲዘረዘር ታርጌት ኖት ዲቴክትድ ነው፣ ማሽኑ ደሟ ውስጥ ቫይረሱን ፈልጎ አላገኘም ማለት ነው። እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ ከዚህ የተሻለ ውጤት የለም አልኳት። ፊቷ በራ። ከዛ ድምጿን ቀነስ አድርጋ "እና አሁን ዱባይ ብሄድ ሜዲካሉን አልፋለሁ?" ብላ ጠየቀችኝ።

አታልፍም። ያን ያህል ደስ ብሏት ቆማ ይሄን መንገር እንዴት እንደሚከብድ አልነግራችሁም፣ ግን ነገሩ ሁለት ምርመራዎች ስለሚምታቱ የሚመጣ ነው። ጣት ተወግቶ ትንሽ ጠብቀህ የሚነገርህ ፈጣን ምርመራ በአብዛኛው የሚያየው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ሊከላከል የሰራውን አንቲቦዲ ነው፣ አንቲቦዲ ደሞ አንዴ ከተሰራ መድኃኒት እየዋጥክ ቫይረሱ ድምጥማጡ ቢጠፋም እሱ አይጠፋም። ስለዚህ ቫይራል ሎዷ (ደሟ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) የማይታይ ሴት ለጉዞ ብትመረመር ፖዘቲቭ ነው የምትባለው፣ የገልፍ አገሮቹ ደሞ ፖዘቲቭ የሆነን ሰው ለሥራ አያስገቡም፣ ገብቶም ከተገኘ ይመልሱታል። በዚህ ፍራቻ እዛ ሆነው መድኃኒቱን ደብቀው የሚውጡ፣ ሲያልቅባቸው የሚያቋርጡ፣ ቫይራል ሎድ የሚባል ነገር ለዓመታት ሳይሰሩ ቆይተው ቀጭነው የሚመለሱ እህቶች አሉን፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

እኔ የምውለው ጤና ጣቢያ ላብ ውስጥ ነው። ደም እቀዳለሁ፣ ሴንትሪፊውጅ አደርጋለሁ (ደሙን በፍጥነት አሽከርክሬ ፈሳሹን ክፍል፣ ፕላዝማውን፣ እለያለሁ)፣ አሽጌ እልካለሁ። ቁጥሩን የሚያወጣው ማሽን እኛ ጋ የለም። እና ከዚህ ቦታ ሆኜ የማየው ነገር ምንድነው፣ ሰው ስለ መድኃኒቱ ያወራል፣ መድኃኒት አለ ወይ፣ ይቆማል ወይ፣ ነፃ ነው ወይ። መድኃኒቱ እየሰራ መሆኑን ስለሚነግረን ቁጥር ግን ማንም አይጠይቅም። መድኃኒት ሲጠፋ ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን ያዳርሳል፣ የምርመራ ኬሚካሉ፣ ሪኤጀንቱ፣ ሲያልቅ ግን ከእኛና ከማሽኑ በቀር የሚያውቅ የለም።

ቁጥሩ ምንድነው እንግዲህ። አንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ ስንት የቫይረሱ ቅጂ አለ ነው ጥያቄው። ማሽኑ አንድ በአንድ አይቆጥርም፣ የቫይረሱን አርኤንኤ (የዘር ቅንጣቱን) ከደሙ ለይቶ ያወጣና በፒሲአር ደጋግሞ እያባዛ በስንተኛው ዙር ላይ መታየት እንደጀመረ አይቶ መነሻው ላይ ስንት እንደነበረ ያሰላል። ሊጥ ላይ እርሾ እንደመጨመር አስቡት፣ ብዙ እርሾ ያለበት ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ ትንሽ ያለበት ይዘገያል፣ እናቶቻችን በመነሳቱ ፍጥነት እርሾው እንዴት እንደነበር ያውቁት የለ፣ ማሽኑም እንደዛው ነው። መድኃኒት ያልጀመረ ሰው አስር ሺዎች ወይም መቶ ሺዎች ሊሆንበት ይችላል፣ ገና በቫይረሱ በተያዘ ሰሞን ሚሊዮን የሚያልፍም አለ። አሁን ባለው ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት አብዛኛው ሰው በትክክል ከወሰደ በ3 ወር ውስጥ ከማሽኑ እይታ በታች ይወርዳል።

እዚህ ላይ ሰው የሚጨነቅበትን አንድ ነገር ልናገር። "አምና 40 ነበርኩ ዘንድሮ 90 ሆንኩ፣ ጨመረብኝ" ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ አለ። የዚህ ምርመራ ቁጥር እንደ ሚዛን ኪሎ አይነበብም። ያው ደም ሁለቴ ቢሰራ ራሱ ትንሽ ይለያያል፣ እኛ ለውጥ አለ የምንለው ቢያንስ 3 እጥፍ አካባቢ ሲንቀሳቀስ ነው፣ እሱም ቢሆን ታች ያሉት ትንንሽ ቁጥሮች ላይ ብዙ ትርጉም የለውም። ከ2,000 ወደ 3,000 መሄድ ለውጥ አይደለም። ከማይታይ ወደ 20,000 መሄድ ለውጥ ነው። አንዳንዴ ደሞ ድንገት ብቅ ብሎ በሚቀጥለው የሚጠፋ ቁጥር አለ፣ ብሊፕ ይሉታል፣ ብቻውን ከመጣ መድኃኒቱ ከሸፈ አይባልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ይሄን ነገር በሦስት ከፍሎ ግልጽ አድርጎታል። ከ1,000 በላይ ከሆነ ቫይረሱ አልተገታም፣ ከ1,000 በታች ሆኖ ግን ከታየ ተገትቷል፣ ጭራሽ ካልታየ ደሞ የማይታይ። የማይታይ ከሆነ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ፍቅር ጓደኛ የመተላለፍ እድሉ ዜሮ ነው፣ ተገትቶ ግን ሲታይ ደሞ ዜሮ ሊባል ምንም አይቀረው። ይሄ ዝም ብሎ የማጽናኛ ወሬ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ የተሰራውና ፓርትነር የሚባለው ጥናት አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጌቲቭ የሆኑ ጥንዶችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 58,000 ጊዜ ያህል ያለ ኮንዶም ግንኙነት ተደርጎ፣ መድኃኒት በትክክል ከሚወስደው ወገን የተላለፈ አንድም አላገኘም። ስንት ትዳር በዚህ መረጃ ይድን ነበር። እኛ አገር ግን ቲኤንዲ የሚለው ወረቀት ታጥፎ ፋይል ውስጥ ይገባና የወረቀቱ ባለቤት ባሏን እንዳታስይዝ እየፈራች ትኖራለች። ጡት ለሚያጠቡ እናቶች ነገሩ ትንሽ ይለያል፣ እድሉ በጣም ይቀንሳል እንጂ ዜሮ ነው አይባልም፣ ለዛ ነው ልጁም ለብቻው ክትትል ያለው።

ሲዲፎርስ? የድሮ ሰዎች ሲዲፎር፣ ማለትም ሰውነትን የሚከላከሉትን ሴሎች ቆጠራ ነው የሚያውቁት። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ለመጀመር ራሱ ሲዲፎርህ ከ200 በታች መውረድ ወይም በደንብ መታመም ነበረበት፣ ሰው "አልወረደልኝም" እያለ የሚያዝንበት ጊዜ ነበር፣ አሁን ሲያስቡት ይገርማል። ከዛ መነሻው በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ እያለ ሄዶ በ2015 በቃ የተገኘበት ሁሉ ይጀምር ተባለ። ያኔ ሲዲፎር ሥራ የፈታ መሰለ፣ ማሽኖቹም በየላቡ ሲበላሹ የሚጠግናቸው እየጠፋ ጥግ ላይ አቧራ መጠጣት ጀመሩ።

ይሄ ስህተት ነበር ባይ ነኝ። ቫይራል ሎድ መድኃኒቱ እየሰራ ነው ወይ የሚለውን ይመልሳል። ሲዲፎር የሚመልሰው ሌላ ነው፣ ይሄ ሰውዬ ነገ ሊሞትብን ይችላል ወይ የሚለውን። ካውንስለሮቹ "ወታደሮቻችሁ" የሚሏቸው ሴሎች ከ200 በታች ከሆኑ ሰውየው እየሳቀ ቢመጣም ቲቢ ወይ ክሪፕቶኮካል የሚባለው የማጅራት ገትር ፈንገስ ውስጥ ውስጡን ይዞት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ላም የሚባለው በሽንት የሚሰራ የቲቢ ምርመራ እና ፈንገሱን የሚፈልገው የክሪፕቶኮካል አንቲጅን ምርመራ በጊዜ ካልተሰራለት መድኃኒት በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ልናጣው እንችላለን። ከጀማሪዎች ወደ ሲሶው የሚሆኑት ከ200 በታች ሆነው እንደሚመጡ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የሚናገረው። እና ለአዲስ ጀማሪ፣ አቋርጦ ለተመለሰ፣ ቫይራል ሎዱ ከፍ ላለበት ሰው ሲዲፎር ዛሬም ያስፈልጋል። አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ፣ ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ራሱ ሲዲፎሩ ከአውሮፓዊ ዝቅ እንደሚል አቃቂና ወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ይሰራ የነበረው የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ነው፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁትን ኖርማል ቁጥር ይዛችሁ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ደሙ ጉዞ። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው የምንቀዳው፣ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ አለው፣ ቀድተን ቀስ አድርገን 8 ወይ 10 ጊዜ እናገላብጠዋለን፣ ካንቀጠቀጥከው ሴሉ ይፈነዳል፣ ካላገላበጥከው ይረጋል፣ ሁለቱም ሪጀክት ነው፣ አይቀበሉትም። ከዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው ከቀዩ ደም መለየት አለበት። ሲለይ ላዩ ላይ እንደ ቀጭን ጠላ ነገር ቢጫ ሆኖ ይቀመጣል፣ እሱን በጥንቃቄ ስበህ ታወጣለህ፣ ትንሿ ቱቦ ውስጥ ትጨምራለህ፣ ኮድ ትለጥፋለህ፣ ቅዝቃዜ ትይዛለህ። መብራት ከሌለ ሴንትሪፊውጅ የለም። ሴንትሪፊውጅ ከሌለ የዛን ቀን የተቀዱት ሁሉ ነገ ተመልሰው ይምጡ ነው፣ ከገጠር በእግሯ 3 ሰዓት የመጣችውን ሴትዮ ነገ ተመለሺ በላታ። ሴንትሪፊውጅ ለሌለበት ቦታ ደረቅ የደም ጠብታ የሚባል አለ፣ ደሙን ካርዱ ላይ ያሉት ክቦች ላይ አንጠብጥበህ አድርቀህ ከእርጥበት መጣጭ ጋር ከረጢት ውስጥ አሽገህ ያለ ፍሪጅ ትልከዋለህ፣ በጣም ጎበዝ ዘዴ ነው፣ ግን ታች ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች እንደ ፕላዝማ ጥርት አድርጎ አያሳይም።

ናሙናው ከጤና ጣቢያ ወደ ማዕከል የሚሄድበት መንገድ ላይ ኢትዮጵያ ያደረገችው አንድ ብልህ ነገር ፖስታ ቤትን መጠቀሟ ነው። ደብዳቤ የሚያመላልሰው ፖስታ ሰራተኛ ሰልጥኖ፣ አይስ ቦክስ ይዞ፣ ደምና አክታ ያመላልሳል፣ ውጤትም ይዞ ይመለሳል። የቫይራል ሎድ ማሽኖቹ ደሞ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ባህር ዳር፣ ደሴ፣ ሀዋሳ በመሳሰሉት የተወሰኑ ቦታዎች ናቸው። ትልልቆቹ ማሽኖች ሥራቸው በገፍ ነው፣ ለምሳሌ አቦት የሚባለው ማሽን ባንድ ዙር 93 የሰው ናሙናና 3 መቆጣጠሪያ ይይዛል። ይሄ ለዋጋ ጥሩ ነው። ግን መሀል ላይ መብራት ሄዶ መጠባበቂያ ባትሪው ዩፒኤሱም ካልያዘ የ93 ሰው ሪኤጀንት አብሮ ይበላሻል፣ አንድ ማሽን ቆመ ማለት ደሞ ስንት ዞን ቆመ ማለት ነው። በሌላ በኩል ለቲቢ የገባው ጂንኤክስፐርት የሚባለው ማሽን በየሆስፒታሉ አለ፣ ቫይራል ሎድም በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሰራል፣ ትክክለኛውን ካርትሪጅ (ናሙናው የሚገባበትን ባለ ኬሚካል ዕቃ) ብቻ ነው የሚፈልገው። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት እሱን ቅድሚያ መስጠት ማንም ያልተከራከረበት ሐሳብ ነው፣ ካርትሪጁ ሲኖር።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ይሄ ሁሉ ሰንሰለት በአብዛኛው የቆመው በውጭ ብር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የአሜሪካ የኤችአይቪ ዕርዳታ ፕሮግራም ፔፕፋር እና በዓለም አቀፉ ግሎባል ፈንድ። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ ዕርዳታውን በሙሉ ባንዴ ሲያስቆም ሁላችንም የሰጋነው መድኃኒቱ ይቋረጣል ብለን ነበር። ሕይወት አድን ነው ተብሎ ከቀናት በኋላ ለሕክምናው ፈቃድ ተሰጠ፣ ሰው እፎይ አለ። ግን በዛው ሰሞን በዚሁ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ እኛ አገር ያሉ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ኮንትራት ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። እነዚህ እነማን መሰሏችሁ? በየቦታው በዚህ አይነት ኮንትራት ይሰሩ የነበሩት ዳታ ክለርኮች፣ ኬዝ ማናጀሮች፣ ቀጠሮ ያለፈበትን ደውለው የሚጠሩ፣ ውጤት ሲመጣ ከፋይሉ ጋር የሚያገናኙ ሰዎች ናቸው። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ስለዚህ በዜና አገልግሎቱ ቀጥሏል ይባላል። የተቆረጠው ግን ደሙ ሄዶ ቁጥር ሆኖ የሚመለስበት ክር ነው፣ እና የዚህ ነገር ክፋቱ ህመሙ አይሰማም። ቫይራል ሎዱ 50,000 የደረሰ ሰው ለወራት ምንም ላይሰማው ይችላል፣ ይበላል፣ ሥራ ይገባል፣ ቫይረሱ ግን መድኃኒቱን እየተለማመደ ነው። ስናውቅ ወይ ልጅ ተይዟል ወይ ሰውየው ወደ ሁለተኛው መስመር መድኃኒት ገብቷል፣ እሱ ደሞ ውድ ነው፣ ምርጫውም ጠባብ ነው። ለነገሩ አሜሪካ ያሉ ሐበሾች መድኃኒት ሲጀምሩ ቫይረሳቸው የትኛውን መድኃኒት እንደለመደ በጂኖታይፕ ምርመራ ይታይላቸዋል፣ ቫይራል ሎዳቸውም መጀመሪያ አካባቢ በየ3 ወሩ ገደማ ይሰራል፣ ውጤቱ ስልካቸው ላይ ይመጣል። እኛ ጋ በ6 ወር፣ በ12 ወር፣ ከዛ በዓመት አንዴ ነው። በዓመት አንዴ የሚሰራ ነገር አንዴ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነ ማለት ነው።

ቁጥሩ ከፍ ሲል ምን ይደረጋል? ጠንከር ያለ የአድሄረንስ (መድኃኒትን ሳያቋርጡ በትክክል የመውሰድ) ምክር ይሰጥና ከ3 ወር በኋላ ይደገማል፣ ያኔም ከ1,000 በላይ ከሆነ መድኃኒት ስለመቀየር ይታሰባል። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ ቁጣ ይሆናል። "ለምን አልዋጥሽም?" ጸበል ገብታ አቋርጣ ሊሆን ይችላል፣ ያለፉት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት እያሉ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ቢያስተምሩም ዛሬም ክኒኑን ትቶ የሚገባ አለ። አከራይዋ እንዳታይባት ደብቃ ረስታው ይሆናል። ግን ሁልጊዜ መርሳት አይደለም።

እኛ ጋ አንዲት የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቫይራል ሎድ ላክንላት፣ ውጤቱ ተመልሶ እጃችን ሲገባ 7 ወሯን አልፋ ነበር፣ 2,300 ይላል። በፊት የማይታይ ነበረች። ገብታ ስትወጣ እያለቀሰች ነው የወጣችው፣ አንድም ቀን አልዘለልኩም ብላ ስትምል ማንም አላመናትም መሰለኝ። ደም ልደግምላት ስቀዳ ዝም ብዬ ለወሬ ያህል መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ነው የምትወስጂው አልኳት። "ጠዋት ነው፣ ከአይረኑ ጋር አንድ ላይ፣ ምግብ ሳልቀምስ፣ ቃር ስለሚያስቸግረኝ የቃር መድኃኒቷንም እጨምራለሁ" አለችኝ። እጄ ላይ መርፌው እያለ ቀና አልኩ። ዶሉቴግራቪር ከአይረንና ማግኒዥየም ወይ አሉሚኒየም ካለበት የቃር መድኃኒት ጋር በባዶ ሆድ ሲወሰድ እነሱ አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም የሚገባው በጣም ይቀንሳል። ወይ ከነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ነው መወሰድ ያለበት ወይ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አይረኑ ብቻ ከሆነ ከምግብ ጋር አንድ ላይም ይቻላል። አይረኑን የሰጣት ያው ቅድመ ወሊድ ክፍሉ ነው፣ መድኃኒቱን የሰጣት ኤአርቲ ክፍሉ ነው፣ መሀላቸው አንድ ኮሪደር ነው። ሄጄ ለሲስተሯ ነገርኳት፣ ሰዓቱን አስተካከሉላት፣ ሦስቱንም ክኒን በየሰዓቱ ወረቀት ላይ ጻፉላት።

የድጋሚው ናሙና ውጤት ሳይመጣ ወለደች። ልጁ ለመከላከያ ሽሮፕ ተጀመረለት፣ በ6 ሳምንቱ ይዛው መጣች፣ ከተረከዙ ወግቼ ካርዱ ላይ አንጠባጠብኩ። ሕፃን በፈጣኑ ምርመራ አይለይም፣ የእናቱ አንቲቦዲ እስከ 18 ወር ድረስ ደሙ ውስጥ ስለሚቆይ ፒሲአር ነው የሚሰራለት። የእሷንም እንደገና ቀዳሁ፣ የበፊቱ የት እንደደረሰ የሚነግረን ስላጣን። የልጁ ካርድና የእናቱ ቱቦ ባንድ ሣጥን ነው የሄዱት፣ ሐሙስ ቀን። የልጁ ቀድሞ መጣ፣ ኔጌቲቭ። የእሷ ከ11 ቀን በኋላ መጣ፣ ቲኤንዲ። ያኛው፣ እርጉዝ እያለች የላክነው፣ እስከዛሬ አልመጣም።